በ14 ቀን የተቀጠፈው ተከላካይ

ቅዳሜ ማርች 21 ቀን 1959 (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በርሚንግሃም ሲቲ ወደ ደቡብ እንግሊዟ የወደብ ከተማ ተጉዞ ፖርትስማውዝን ገጠመ። ፖርትስማውዝ የዚያን ዓመት ውድድር የመጨረሻ ሆኖ ያጠናቀቀና ከአንደኛ ዲቪዚዮን የወረደ ክለብ ስለነበር ጨዋታው የተለየ ትኩረት የሚስብ አልነበረም። በቀኝ መስመር ተከላካይነት እንደተለመደው ጄፍ ሆል ተሰለፈ። እንደማንኛውም ቅዳሜ ተጫውቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ በርሚንግሃም ተመለሰ።

ከሁለት ቀን በኋላ ታመመ። ሐኪም ቤት ሲገባ በሽታው ፖሊዮ መሆኑ ተነገረ። በእንግሊዝ ማልያ ብራዚልን የገጠመው ጠንካራ ሰው አልጋ ላይ ሽባ ሆነ። ቅዳሜ ኤፕሪል 4 ቀን፣ ታኬታውን አድርጎ ሜዳ ከገባበት የመጨረሻ ጨዋታ ልክ በ14ኛው ቀን፣ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 29 ነበር!

ይህ ታሪክ ዛሬ ከ60 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም በእንግሊዝ ይነሳል። የሚነሳው ግን በኳሱ ብቻ አይደለም። የሆል ሞት አንድ አገር ስለ ክትባት የነበረውን አመለካከት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለቀየረ ነው። ለስፖርተኛ ደግሞ ሌላ የሚነካው ጉዳይ አለው። ፖሊዮ ወደ ነርቭ ሲገባ በር የሚያንኳኳው ስፖርተኛ ሁሉ በሚንቀው ነገር ነው፤ በራስ ምታት።

ለመሆኑ ጄፍ ሆል ማን ነበር? የተወለደው በ1929 ስካንቶርፕ በምትባል ከተማ ነው። ወደ በርሚንግሃም ሲቲ የመጣው በ1950 ሲሆን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከዚያ አልወጣም። በሊጉ ብቻ ከ200 በላይ ጨዋታ አድርጓል። ክለቡ በ1955 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ሲያድግ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንደኛ ዲቪዚዮን 6ኛ ሆኖ ሲጨርስ የቀኝ መስመሩ የሆል ነበር። ያ 6ኛ ደረጃ እስከ ዛሬ የክለቡ ትልቁ የሊግ ውጤት ነው።

በብሔራዊ ቡድን የነበረው ሪኮርድ ደግሞ ያስገርማል። መጀመሪያ የተሰለፈው ኦክቶበር 1955 ኮፐንሃገን ላይ እንግሊዝ ዴንማርክን 5ለ1 ስታሸንፍ ነው። ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ 17 ጊዜ በተከታታይ ተሰለፈ። አስራ ሰባቱንም ጊዜ በግራ በኩል ያለው ተከላካይ አንድ ሰው ነው፤ የማንቸስተር ዩናይትዱ አምበል ሮጀር በርን። ሁለቱ አብረው ከተጫወቱባቸው 17 ጨዋታዎች እንግሊዝ የተሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ካርዲፍ ላይ በዌልስ 2ለ1። ሜይ 1956 ብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ ዌምብሌይ ላይ ስትጫወት 4ለ2 የተሸኘችው ሁለቱ በነበሩበት ቡድን ነው።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ሮጀር በርን ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 በሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጄፍ ሆል በ14 ወራት ልዩነት ተከተለው። የእንግሊዝ የግራና የቀኝ ተከላካዮች ሁለቱም 30 ዓመት ሳይሞላቸው አለፉ።

አንገቱ የተሰበረው በረኛና የዘመኑ ልማድ

ሆል የተጫወተበት ትልቁ የክለብ ጨዋታ የ1956ቱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ነው። በርሚንግሃም በማንቸስተር ሲቲ 3ለ1 ተሸነፈ። ይህ ጨዋታ ግን በውጤቱ ሳይሆን በአንድ በረኛ አንገት ይታወቃል። ጨዋታው ሊያልቅ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው የሲቲው ጀርመናዊ በረኛ በርት ትራውትማን ከበርሚንግሃሙ ፒተር መርፊ ጋር ተጋጨ። አንገቱን እየያዘ፣ እየተንገዳገደ ጨረሰ። ዋንጫውንም በላ! አንገቱ መሰበሩ በራጅ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው።

ትራውትማን ተረፈና ጀግና ተባለ። ጀግና መባሉ ተገቢ ነው፤ ግን ታሪኩ ሲደጋገም ተጫዋቾችን ያስተማራቸው ነገር አለ። ሕመም ማለት ጥርስ ነክሰህ የምታልፈው ነገር ነው የሚል። በዚያን ዘመን ተቀያሪ ተጫዋች የለም። የእንግሊዝ ሊግ ተጫዋች መቀየርን የፈቀደው በ1965 ነው። አንዴ ሜዳ የገባ ሰው ከወጣ ቡድኑ በ10 ሰው ይጨርሳል። ስለዚህ እግሩን ያነከሰ ተጫዋች እንኳን ክንፍ ላይ ተገትሮ ይውላል እንጂ አይወጣም። አንገት ተሰብሮ በሚጫወትበት ሊግ ውስጥ «ራሴን አሞኛል» የሚል ተጫዋች ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ቫይረሱ ጭንቅላት ላይ ምን ያደርጋል?

ፖሊዮን አገራችን «የልጅነት ልምሻ» ይለዋል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ምክንያቱም አዋቂንም ይይዛል፣ አዋቂን ሲይዝ ደግሞ ሽባ የማድረግ ኃይሉ ይብሳል። ቫይረሱ የሚገባው በአፍ ነው። በጉሮሮና በአንጀት ውስጥ ይራባል። ከሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከአስር ሰባቱ ገደማ፣ መያዛቸውን እንኳን አያውቁም። ከአራት አንዱ የሚሆነው ሰው ጉንፋን የመሰለ ነገር ያመዋል፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ድካም፣ የሆድ ሕመም፣ ራስ ምታት። በጥቂት ቀን ይድንና ሥራውን ይቀጥላል።

ችግሩ የሚመጣው ቫይረሱ ከደም አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ኅብለ ሰረሰር ሲዘልቅ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሕመም የሚሰማው አንጎልን የሸፈነው ስስ ልባስና የደም ሥሮቹ ናቸው። ቫይረሱ እዚያ ሲደርስ ልባሱ ይቆጣል፣ ያብጣል። ያን ጊዜ የሚመጣው ራስ ምታት የተለመደው ዓይነት አይደለም። ጭንቅላትን በሙሉ ይይዛል፣ ጎንበስ ሲሉ ይብሳል፣ ብርሃን ማየት ያስጠላል፣ ያስመልሳል። ያው ልባስ ወደ ታች በጀርባ አጥንት ውስጥ ስለሚቀጥል አንገትና ጀርባ ይደርቃሉ። አገጭን ደረት ላይ ማድረስ ያቅታል።

እዚህ ላይ የአማርኛው ስም ከሐኪም መጽሐፍ በላይ ይናገራል። የአንጎል ልባስ ብግነትን አበው «ማጅራት ገትር» ብለውታል። ማጅራትን የሚገትር! ስሙን ያወጡት ሰዎች ማይክሮስኮፕ አላዩም፤ ምልክቱን ግን ከማንም በላይ አይተዋል። ማጅራት ገትር በባክቴሪያም በቫይረስም ይመጣል። የባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው። የቫይረሱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ አብዛኛው ሰው በእረፍት ይድናል። የፖሊዮ ቫይረስ ግን ልባሱ ላይ የማይቆምበት ጊዜ አለ። ከሚያዙት 200 ሰዎች አንዱ ላይ እንቅስቃሴ የሚያዙትን የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ይገድላል። እግር ይለመሽሻል። መተንፈሻ ጡንቻዎች ከተያዙ ደግሞ ሰውየው አየር መሳብ ያቅተዋል። ሽባ ከሚሆኑት ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የሚሞቱት በዚህ ነው።

ቫይረሱ ከገባ እስኪያሳምም ቀናት ስለሚወስድ ሆል ፖርትስማውዝ ላይ ሲሮጥ በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ነበር። ይህን እሱም፣ ወጌሻውም፣ አሰልጣኙም የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ታዲያ ለስፖርተኛ ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠው የኦክስፎርዱ የነርቭ ሐኪም ሪቺ ራስል ያገኘው ነገር ነው። ራስል በ1940ዎቹ መጨረሻ የፖሊዮ ታማሚዎችን አንድ በአንድ ጠየቀ። ራስ ምታቱና የአንገት መድረቁ ከጀመራችሁ በኋላ ምን ስትሠሩ ነበር? አላቸው። ወዲያው አልጋ ላይ የተኙት በአመዛኙ ቀለል አላቸው። «ይለፈኛል» ብለው ከባድ ሥራ የሠሩት፣ የዋኙት፣ የሮጡት፣ ኳስ የተጫወቱት ግን ክፉኛ ሽባ ሆኑ። ጥናቱን በ1949 አሳተመ። ከዚያ በኋላ የፖሊዮ ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ሰው ከስፖርት እንዲታቀብ ሐኪሞች ይመክሩ ጀመር። ላብ አውጥቶ በሽታን ማባረር የሚባለው የስፖርተኛ ዘዴ እዚህ ላይ ገዳይ ነው።

ወረፋው

የሆልን ሞት የበለጠ መራራ የሚያደርገው ክትባቱ መኖሩ ነው። አሜሪካዊው ጆናስ ሳልክ የሠራው ክትባት ውጤታማ መሆኑ የታወጀው ኤፕሪል 12 ቀን 1955 ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1956 ለሕጻናት መሰጠት ጀመረ፤ በ1958 ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላሉ ወጣቶች ተፈቀደ። ወጣቶቹ ግን አልመጡም። ፖሊዮ የልጆች በሽታ ነው፣ እኛን ምን አገባን አሉ። እንግሊዝ በ1947 ብቻ ከ7,000 በላይ ሰው በፖሊዮ የተያዘባት አገር መሆኗን ረስተውት ነበር። ሆል ራሱ በ29 ዓመቱ ከተፈቀደው ዕድሜ በላይ ነበር።

ኤፕሪል 1959 ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። የጤና ሚኒስቴር በፖስተርና በበራሪ ወረቀት ያላመጣውን ሰው አንድ የቀኝ ተከላካይ አመጣው። በየቅዳሜው ከትሪቡን ሆነው ሲያጨበጭቡለት የነበሩ ወጣቶች ደነገጡ። እሱን ያህል ጠንካራ ሰው ከሞተ እኛስ? ባለቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለ ደረሰባት ሐዘን ተናገረች። የበርሚንግሃም ክሊኒኮች በሰልፍ ተጥለቀለቁ፤ በሌሎች ከተሞችም እንዲሁ ሆነ። ክትባት አለቀ! ተጨማሪ ከአሜሪካ በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ። በዚያች አገር የኳስ ሜዳ ለዋንጫ ካልሆነ ለሌላ ነገር ይህን ያህል ሕዝብ ሲያሰልፍ አይታወቅም።

ሰው ፖሊዮን ተቋቁሞ ለታላቅ ስፖርት መብቃት ይችላል ወይ ለሚል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሆል ከሞተ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በ1960 ሮም ላይ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት ኦሊምፒክ ከሴቶች የነገሠችው አሜሪካዊቷ ዊልማ ሩዶልፍ ነበረች። በ100፣ በ200 እና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ ወሰደች። ዊልማ በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ በብረት ድጋፍ የታሰረ ልጅ ነበረች። ከ22 ልጆች 20ኛዋ ናት፤ እናቷና እህት ወንድሞቿ እግሯን እየተፈራረቁ ያሹላት ነበር። እሷ ተረፈች፣ ሆል አልተረፈም። ቫይረሱ የትኛውን ነርቭ እንደሚመታ ደግሞ ማንም አይመርጥም።

የባበል እግሮች

«ይሄ የድሮ ታሪክ ነው፣ አሁን ዘመናዊ ሕክምና አለ» የሚል አንባቢ ካለ የሊቨርፑል ደጋፊዎችን ይጠይቅ። ጀርመናዊው ማርከስ ባበል በ2000 ከባየር ሙኒክ መጥቶ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊግ ካፕ፣ የኤፍኤ ካፕና የዩኤፋ ካፕ ዋንጫዎችን በላ። ሜይ 2001 ዶርትመንድ ላይ ሊቨርፑል አላቬስን 5ለ4 ባሸነፈበት በዚያ የማይረሳ ፍጻሜ የመጀመሪያዋን ጎል በቴስታ ያስቆጠረው እሱ ነው። እሱም የቀኝ መስመር ተከላካይ!

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀምር ግን ባበል ባበል አልነበረም። ኦገስት 2001 ከቦልተን ጋር በተደረገው ጨዋታ በእረፍት ሰዓት ተቀየረ። ምርመራው ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ አሳየ። ይህ ቫይረስ በምራቅ የሚተላለፍ ነው። ወጣቶችን ሲይዝ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገት ዕጢ ማበጥና ለሳምንታት የማይለቅ ድካም ያመጣል። ሮጀር ፌደረር በ2008 መጀመሪያ ላይ የያዘው በሽታም ይኸው ቫይረስ የሚያመጣው ነው። ብዙዎች እንደ ፌደረር ይድናሉ።

በባበል ላይ ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ። ጊላን ባሬ የሚባል የነርቭ ሕመም ያዘው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመውጋት ያሰማራው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቮች ይወጋል። የራስ ቡድን ላይ ጎል እንደማስቆጠር ማለት ነው። መደንዘዝና መዛል ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳው ሰው መራመድ አቅቶት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን፣ ኦክቶበር 2001፣ አሰልጣኙ ዠራርድ ሁሊየ ከሊድስ ጋር በተደረገ ጨዋታ መሀል ታመው ለከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ለአንፊልድ ከባድ መጸው ነበር።

ባበል ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ፍጥነቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በ2003 ለብላክበርን በውሰት ተሰጠ፣ ከዚያ ወደ ስቱትጋርት ሄደ። በ2007 ስቱትጋርት የቡንደስሊጋ ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አባል ሆኖ ጫማውን ሰቀለ። ጊላን ባሬ ከያዘው ሰው አንጻር ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

አንድ ሃይላንድ ለአስራ አንድ ሰው

ቫይረስ ቡድን ይወዳል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ላይ የቫይረስ ማጅራት ገትር ተነስቶ ነበር። የውድድር ዘመናቸው መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መድረቅ ይዟቸው ወደቁ። ጥፋተኞቹ ኤኮና ኮክሳኪ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው፤ ከፖሊዮ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች። አጥኚዎቹ ጣታቸውን ከቀሰሩባቸው ነገሮች ዋናው ተጫዋቾቹ በጋራ የሚጠጡበት የውሃ ዕቃ ነበር።

ይሄንን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። የትኛውም የሰፈር ውድድር ላይ፣ የትኛውም የጤና ቡድን ጨዋታ ላይ እረፍት ሲሆን አንድ ሃይላንድ ውሃ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ይታያል። የመጨረሻው ልጅ ሲደርሰው ከውሃው የጓደኞቹ ምራቅ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም! «እኛ ወንድማማች ነን» ይባላል። ቫይረሱም የሚፈልገው ይህንኑ ወንድማማችነት ነው። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፤ ወይ ለየራስ ዕቃ መያዝ፣ ወይ አፍ ሳያስነኩ ከላይ እያንቆረቆሩ መጠጣት። እጅ መታጠብም አለ፤ ፖሊዮና ዘመዶቹ ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳሉና።

በእኛ ሜዳ ራስ ምታት ሦስት ማብራሪያ አለው። አንደኛው «ተጋጭቶ ነው» ወይም «ኳሱን በቴስታ ሲመታ ውሎ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፀሐይ ነው»። ሦስተኛው «ምች መትቶት ነው» ይሆንና ዳማከሴ ይታሻል፣ ዝንጅብል ያለው ሻይ ይጠጣል። ልጁም ሁለት ማስታገሻ ውጦ በማግስቱ ይሰለፋል። አሰልጣኝ ዘንድ ሄዶ «ራሴን አመመኝ» ከማለት «ቁርጭምጭሚቴ ዞረ» ማለት ይቀለዋል። ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ይታያል። ራስ ምታት ግን አይታይም፤ ሰበብ ይመስላል። ቦታውን ለተቀያሪው አሳልፎ መስጠት የማይፈልግ የ19 ዓመት ልጅ ደግሞ ዝም ይላል።

እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ራስ ምታት ምንም አይደለም። ውሃ ጥም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምሳ ሳይበሉ ልምምድ መሥራት ያመጣዋል። ትኩሳት ሲጨመርበት ነው ነገሩ የሚለየው። በእኛ አገር ትኩሳትና ራስ ምታት አብረው ሲመጡ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድም፣ ታይፈስም፤ እነዚህ ቫይረስ አይደሉም፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ኮቪድ 19 በ2020 ሲመጣም ከተለመዱት ምልክቶቹ አንዱ ራስ ምታት ነበር። የትኛው እንደሆነ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያውቅ ወጌሻ የለም፤ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው። ራስ ምታቱና ትኩሳቱ ላይ የአንገት መድረቅ፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ መቃዠት ወይም የእጅና የእግር መዛል ከተጨመረ ግን እስከ ጠዋት አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

የቫይረስ ሕመም የያዘው ተጫዋች ትኩሳቱ ሳይለቀው ልምምድ መጀመር እንደሌለበት የስፖርት ሐኪሞች ይስማማሉ። ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሊያቆጣ ስለሚችል ነው። የባበል ዓይነቱ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ጣፊያ ታብጣለች፤ በክርን አንድ ጊዜ ብትመታ ልትፈነዳ ትችላለች። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ከግጭት መራቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት ማለት ሦስት ጨዋታ ነው። አሰልጣኝ ሦስት ጨዋታ ማጣት አይወድም፤ ይሁንና ባበልን ሊቨርፑል ያጣው ለሦስት ጨዋታ አልነበረም።

ፖሊዮስ? በአፍሪካ የተፈጥሮው ፖሊዮ ቫይረስ መጥፋቱ የተረጋገጠው ኦገስት 2020 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2013 በሶማሌ ክልል ተከስቶ ነበር። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ክትባት ባልተዳረሰባቸው ቦታዎች የሚዛመተው ከክትባት የመነጨው ዓይነት በአገራችን ታይቷል። ቤት ለቤት የሚዞሩት ሴቶች ሁለት ጠብታ ይዘው በር የሚያንኳኩት፣ የሕጻናትን ጣት በቀለም የሚነኩት ለዚህ ነው። አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ውስጥ የተፈጥሮው ዓይነት እስካሁን አልጠፋም።

በርሚንግሃም ሲቲ ተጫዋቹን አልረሳም። ሴፕቴምበር 1960 ሴንት አንድሪውስ ስታዲየም ላይ በስሙ የውጤት ሰሌዳና ሰዓት ተተከለ። ደጋፊው ጨዋታ ሊያልቅ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ለማየት ቀና ሲል የሚያየው የሆልን መታሰቢያ ነበር። ስታዲየሙ ሲታደስ ያ ሰዓት ቦታውን ለቀቀ። በኋላ በስሙ ሌላ ሰዓት ተሰቀለለት።